ለጊዜው ልቀቁት

ረቡዕ ከሰዓት፣ ኅዳር ፬ ቀን

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ብናደድብህም ክፉህን አልወድም፣ ጤናህን ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ድንቡሼ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰሞኑን አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምታወራው፤ አሁን ለምዳው ትገለፍጣለች።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ቢሮው ጠርቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፅህን አሰማን። ለእኔ ለመደወል ጊዜ የሌለህ ሰውዬ ለእሱ በአንድ ጥሪ አነሳህ። ጋዙን «ለጊዜው ልቀቁት፣ ግድ የለም» አልክ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

አንተ ነህ ይህን ያልከው? ከአሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫ ብሬከር የምናወጣው ጋዝ አንዴ ካመለጠ የልጅ ልጆቻችን ካለፉም በኋላ ምድርን ሲያሞቅ ይኖራል እያልክ እራት ላይ እንኳ አላስበላ ያልከኝ አንተ? ጋዙን ከአየር የሚለየውን ያንን ሜምብሬን ስንገጥም እጄ በቅባት ተለውሶ ልጅ ማቀፍ እስኪያቅተኝ አብሬህ የለፋሁት ለዚህ ነው?

የሆነውን ልንገርህ፤ እሱ የነገረህ ግማሹን ነው። «ጥድፊያ» የምንለው ፎርማን፣ ጋዙ ቀስ ብሎ ያልፋል ብሎ ከኮምፕረሰሩ ቀጥሎ ያለውን የዘይት ማጣሪያ አውልቆ ጣለው። በእርግጥም ፈጠነለት። ዘይቱም ተከትሎ ገባና እነዚያን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የሜምብሬኑን ቱቦዎች ለቀለቃቸው። ድሮ ከጋዙ ጋር የተደባለቀው አየር በግድግዳቸው ሾልኮ ይወጣ፣ ጋዙ ብቻውን ተለይቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመለስ ነበር። አሁን ምኑም አይለይም። ጥድፊያን ብትጠይቀው «ዕቃው ራሱ ደካማ ነው» ይልሃል፤ ዓይኑን በጨው አጥቧል።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «አይሸት፣ አይታይ፣ በጣሪያው ቢወጣ ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት።

«ባልሽ ፈቅዷል እኮ!»

ይህቺን ስሰማ ደሜ ፈላ። ወርጄ የጣሪያውን ቧንቧ ቫልቭ ዘጋሁና በሰንሰለት ቆለፍኩት። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ሰንሰለቱን መቁረጥ አያቅታቸውም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን የሚፈልገው፣ ነገ ተጠያቂዋ እኔ እንድሆን፣ እኔው በእጄ እንድከፍተው ነው። እስከ ዓርብ ካልከፈትሽ ሥራሽን ልቀቂ ብሎኛል። እኔ እንጀራዬን አስይዤ ስቆም አንተ በአንድ ቃል ገፈተርከኝ።

ባዶ ታንኮች እንዳሉን አንተው ታውቃለህ። ጋዙን ከነአየሩ እዚያ አምቀን አዲስ ሜምብሬን እስኪመጣ መጠበቅ እንችላለን። ይህ ሳይገባህ ቀርቶ አይደለም። አለቃው ደስ እንዲለው፣ ስልኩም ቶሎ እንዲዘጋ ብለህ ነው። አውቅሃለሁ፤ ከሰው ጋር መጋጨት አትወድም፤ ከእኔም ጋር ሳትጣላ ነው ሹልክ ብለህ የቀረኸው።

ና አልልህም። ያ ድሮ ቀረ። ደውለህ «ተሳስቻለሁ፣ እንዳትለቁት» በል፤ በዚያው ስልክ፣ በሁላችንም ፊት። ብርዱ ከበረታ ደግሞ ደረትህን ሸፍን፤ ሳልህን ሰምቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የጥድፊያ ልጅ ትምህርት ቤት ለድንቡሼ አውርቶላት መጣችና «እማ፣ ልቀቁት ያለው ሰውዬ አባቴ ነው?» አለችኝ። አባቴ ጋዝ አስሮ የሚያስቀምጥ ሰው ነው ብላ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ስትጎርር ነው የከረመችው። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አይደለም» አልኳት፤ «ሌላ ሰው ነው።»

አመነችኝ። እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ነው። ከዓርብ በኋላ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽልህም።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ፤ ካለህበት በሰላም ያኑርህ።

የልጅህ እናት