ጃፓን ሠራሽ፣ የግራኝ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለበኩር ልጄ ለቀዳማዊ ፍቅረማርያም
ካምፓላ

ቀዱዬ፣ የኔ ልጅ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው።

ይህን ወረቀት የምታነበው ሻንጣውን ከፍተህ ዕቃውን ካየህ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ሆነህም ስጦታ ሲመጣልህ መጀመሪያ ማሸጊያውን ነበር የምትቀድደው። ግድ የለም፣ ደህና አድርገህ እየው። ከዚያ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ትዘጋዋለህ፤ እኔም ስለ ዝናቡና ስለ መብራቱ አውርቼ ዋናው ነገር ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ስለዚህ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ረጅም ነገር ጽፋ የማታውቀው እናትህ ዛሬ ሱቋን ለጎረቤቷ ለዘይነባ አደራ ብላ እስክሪብቶ ይዛለች።

ሰፈሩ ደህና ነው። መንገዱ ይቆፈራል፣ ይደፈናል፣ ደግሞ ይቆፈራል። መጋረጃና አንሶላ ሻጭ በዝቶ ከፊት ለፊቴ ብቻ ሦስት ሱቅ ተከፍቷል፤ ደንበኞቼ ግን እነሱ ዘንድ ዋጋ ጠይቀው እኔ ዘንድ መጥተው ይገዛሉ። አባትህ የተከለው ጽድ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ወዬሳ፣ ያ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛህ፣ ለእናቱ መጋረጃ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ስለ አንተ ጠየቅኩት። «ሥራውስ ጥሩ ነው ማዘር፤ የሆቴሉን ዕቃ ቤት ነው የያዘው» አለኝ። «ሙዚቃውስ?» አልኩት። መጋረጃውን ማገላበጥ ጀመረ። ሰው መጋረጃ ለመግዛት ሲያይና ዓይኑን ለማሸሽ ሲያይ እለያለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሸጥኩት እሱኑ ነው። ስጨቀጭቀው ጊዜ «ከሄደ ጀምሮ ቤዝ ጊታር አልነካም» አለኝ። «እዚያ ያሉ ልጆች ና ተጫወት ብለውት ነበር። ተውኩት ነው የሚለው።»

ያን ዕለት ሱቁን ከወትሮው ቀድሜ ዘጋሁ። አንተ ጠረጴዛውንም፣ በሩንም፣ የእኔንም ጀርባ በጣትህ እየደበደብክ ያደግክ ልጅ ነህ። እንዲህ ያለ ሰው ሙዚቃ አይተውም። ያስተውኩህ እኔ ነኝ።

የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ በእኔ አፍ ግን ተነግሮ አያውቅምና ልጻፈው። አባትህ ካረፈ ሃያ ሰባተኛው ቀን ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ሴቶች አንዷ ጠጋ ብላ «ልጅሽን ትናንት ሳንሱሲ ሰፈር ሰርግ ላይ ሲጫወት አየሁት» አለችኝ። የአባቱ አርባ ሳይወጣ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ጠዋት አንተ እንደተኛህ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ሰውዬ በበራችን አለፈ። ጠራሁት። አባትህ የገዛልህን ቤዝ ከነሻንጣው አንስቼ ሰጠሁት፤ እሱም አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ሰጠኝ። ስትነሳም የነገርኩህ ባልዲውን እያሳየሁ ነው። አርባው እስኪወጣ ጠበቅክና ሄድክ።

የአርባው ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ ተዋጠልኝ ብዬ አልዋሽህም። የባልዲው ነገር ግን ጥፋቴ ነው። ተናድጄ ነበር፣ አዝኜ ነበር ብዬ አላሳብብም። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ ልጄ። ይቺን መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ወዬሳ በመጣ በሳምንቱ መርካቶ ወረድኩ። ኢብራር፣ የዘይነባ ልጅ፣ ሞባይል መሸጡን ትቶ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪ ሆኗል። «ቤዝ ስጠኝ፣ ጥሩውን» አልኩት።

«ጥሩውማ ጃፓን ሠራሽ ነው እትዬ» ብሎ አንዱን ከግድግዳ አወረደልኝ።

ክሮቹን ቆጠርኳቸው። «አራት ብቻ? ያ እዚያ ማዶ የተሰቀለው ስድስት አለው፤ ዋጋው ግን የዚህን ግማሽ አይሆንም። ሁለቱን የት አደረሳችኋቸው?»

ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እትዬ ካሳነሽ፣ ያኛው ጊታር ነው! ቤዝ እኮ ሲፈጠርም አራት ነው» አለኝ ኢብራር። ቢሆንም አልለቀቅኩትም፤ የቀትሩ አዛን እስኪል ተከራክረን ቀነሰልኝ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ይሄ ነገር ሰው ያህላል» ብሎ የሁለት ሰው ቢያስከፍለኝም ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በማግስቱ ወዬሳን ጠርቼ «እስቲ ሞክርልኝ» አልኩት። ማጉያውን ይዞ መጥቶ ሲጫወተው ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን አቆመና «ለማን ነው ማዘር?» አለኝ።

«ለቀዳማዊ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?»

«ቀዳማዊ ግራኝ አይደል እንዴ? ይሄ እኮ የቀኝ ነው።»

አራት ዓመትህ ላይ ግራ እጅህን በመቀነቴ ከወገብህ ጋር አስሬ በቀኝህ እንድትጎርስ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? ሰው ቤት ገበታ ላይ በግራው የሚዘረጋ ልጅ እናቱን ያሰድባል ብዬ። «ግራኝነቱን እኮ አስትቼዋለሁ» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

«የተወውማ በእርስዎ ፊት ነው» አለኝ።

የድሮውን ቤዝህን ገልብጠህ፣ ክሮቹን ራስህ አቀያይረህ በግራህ ትጫወት እንደነበር ያኔ ሰማሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባትህም ያውቅ ነበር አሉ። አላምን ስል ወዬሳ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ያው የሳንሱሲው ሰርግ ነው። ጓደኞችህ በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ አንተ ብቻ የለቅሶውን ጥቁር ሸሚዝ አላወለቅክም። ዓይንህን ጨፍነሃል። ሰርገኛው ይጨፍራል፣ አንተ ግን የቆምከው አባትህ ዘንድ ነው፤ እናት ነኝና ገባኝ። ወዬሳ «አትምጣ ብለነው ነበር፤ ‹ከአባቴ ሕመም በፊት ቃል ሰጥቻለሁ፣ አባዬ ቃሉን አጥፎ አያውቅም› ብሎ መጣ» አለኝ። ከዚያም መልሶ መላልሶ አሳየኝ። ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ ሲጫወት ያየሁት ያን ቀን ነው፣ በሰው ስልክ። ወዬሳ ፊት ምርር ብዬ አለቀስኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቤዙን ተሸክሜ ወደ ኢብራር ተመለስኩ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። እኔም ሱቄ ውስጥ ያንኑ ጽሑፍ ለጥፌያለሁ፤ ምን እላለሁ? «እኔ የለጠፍኩት ለማያውቁኝ ሰዎች ነው» አልኩት። ሳቀና ተቀበለኝ።

«የግራኙን ስጠኝ» አልኩት።

«የግራኝ እጄ ላይ የለም። ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ፋብሪካው የግራኙን መሥራት ሊያቆም ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ያዘዘ ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ የለም።»

«ለምን ያቆማሉ?»

«ገዢ የለውማ። ግራኝ ስንት ሰው አለ እትዬ?»

«እኔ አንድ አለኝ» አልኩት።

ልጁ ነጋዴ ነውና ሌላ ሊሸጥልኝ ሞከረ። «ሌላ አገር የተሠራ የግራኝ ላምጣልዎት፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ያው ነው» አለኝ። እኔም ለደንበኛ «ያው ነው» እያልኩ የምሸጠው አንሶላ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል። «ያው ነው የሚባለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጃፓኑን እዘዝ» አልኩት። በጥቅምት ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በየሳምንቱ እየደወልኩ «ደረሰ?» ስለው መጨረሻ ላይ ስልኩን ሳያነሳ በመልእክት «አልደረሰም» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ትዕዛዙ ዘግይቶ ፋብሪካው ቢዘጋውስ እያልኩ ጥምቀትን እንኳ በቅጡ አላከበርኩም። ለቀራንዮው መድኃኔዓለም ጃንጥላ ተስያለሁ፤ ስለ ቤዝ የተሳለ ሰው ከእኔ በፊት አይኖርም።

ደረሰ ልጄ! ባለፈው ሐሙስ ገባ። ወዬሳ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። ሊጫወተው ቢሞክር ጫማውን አቀያይሮ እንዳጠለቀ ሰው እየተንገዳገደ አስቆ ገደለኝ። ክሮቹን ግን አስተካክሎ ቃኝቶልሃል። «ማዘር፣ ይሄን ቤዝ ከቀዳማዊ በቀር የሚያናግረው የለም» አለ። የኢብራር እህት ዊዳድ ለንግድ ካምፓላ ስለምትመላለስ እሷ ናት ይዛልህ የምትመጣው። ደህና አድርገህ አመስግናት፤ ምሳም ጋብዛት።

የመቀነቱን ነገርም አስቤበታለሁ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን እንደዚያው አድርጋ ነው ያሳደገችው፤ ሌላ አላየሁም። አሁን ግን በፈለግከው እጅ ብላ። የሚያማህ ካለ እኔ ዘንድ ላከው።

አንድ የደበቅኩህን ነገር ልንገርህና ልጨርስ፤ ዘይነባም ደንበኛ በዛብኝ እያለች ነው። ኢብራር «ስንት ልዘዝ?» ሲለኝ «ሁለት» ነበር ያልኩት። «ሁለት ግራኝ አለዎት እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። መቼም አመሌን ታውቃለህ፣ ከገበያ ሊጠፋ ነው የተባለ ዕቃ አንድ ገዝቼ አላውቅም። ይሄ ግን ለትርፍ አይደለም። በእጅህ ያለው እዚያው የምትጫወትበት ነው። ጠቅልለህ ና አልልህም፤ ኑሮህ እዚያ ከቀናህ እሰየው። ሁለተኛው ግን እዚህ ነው፣ ክፍልህ ውስጥ፣ ከአልጋህ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ለመስቀልም ይሁን ለፋሲካ፣ ሲመችህ ብቅ ስትል ይሄን የሚያህል ሻንጣ መሸከም የለብህም። እጅህን ብቻ ይዘህ ና። እኔ ወንበር ስቤ ከፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ።

መድኃኔዓለም ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። የባዕድ አገር እንጀራህን ያጣፍጥልህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ የቀኝህንም የግራህንም።

እናትህ ካሳነሽ