ስድስተኛው መደዳ

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ የግንብ ቀን ነበር። አሥራ አንድ ልጆች፣ ሁሉም እስከ ክርናቸው ሲሚንቶ። የእኔ ቀሚስማ አይነሳ።

ዓርብ ከሰዓት በክፍሌ መጽሐፍ ይዘጋል። ከሰፈሩ እጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው መጥቶ ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ የቁልፍ ቤት አሠራር አሳየቻቸው፤ ሁለቱ ጨርቁን ከገዛ ሱሪያቸው ጋር ሰፍተውት ቁጭ። የዛሬው ተራ የጡረተኛው ግንበኛ። ልጆቹ ጋሽ ቱንቢ ነው የሚሏቸው። ቱንቢያቸውን፣ ያችን ግንብ መቅናቱን የሚለኩባትን ባለገመድ ብረት፣ ሳያንጠለጥሉ የሚያልፉት ነገር የለማ... በር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንዴ የእኔን ትከሻም ለክተዋል። "ወደ ግራ ታዘነብያለሽ፣ ልጄ።"

ለአትክልት ቦታው አጥር ነው የጀመርነው። መሠረቱና አንድ መደዳ ብሎኬት አለቀ።

"በቀን ከሁለት መደዳ በላይ እንዳትወጡ" አሉ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ እጇን አወጣች። ክፍሉ በሙሉ "ጥያቄ" ነው የሚላት፤ እናቷም ጭምር። "ለምን ሁለት?"

"ግንብ እንደ ሰው ነው። ሳያርፍ ካሸከሙት ጥሎ ይወድቃል።"

በደብተሯ ጻፈችው። እኔ አልጻፍኩትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ርዕሰ መምህሯ ጠራችኝ። ቅዳሜ ወላጆች ሊጎበኙ ይመጣሉ። አንዳንድ አባቶች እያጉረመረሙ ነው አሉ... "ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው፣ ለቀን ሥራ አይደለም።"

"የሚታይ ነገር አሳዪኝ" አለች። "ካልሆነ ዓርብሽን አላድነውም።"

ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር! አንድ መደዳ ብሎኬት ምን ይታያል? ድመት እንኳ ትዘለዋለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጋሽ ቱንቢ የሉም። ወንድማቸው ሆስፒታል ገብቶ ሊያስታምሙት ሌላ ከተማ ሄዱ። ርዕሰ መምህሯም ስብሰባ ላይ።

ከጠዋት ጀምረን እስከ ማታ ደወል ገነባን። አምስት መደዳ! ከታችኛው ጋር ስድስት። ልጆቹ እየዘፈኑ ነው ያቀበሉኝ። ጥያቄ ብቻ የዕለቱ ሦስተኛ መደዳ ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ቲቸር፣ ሁለት ነው ያሉት እኮ።"

"ዛሬ ብቻ" አልኳት።

ቱንቢው የለም፤ በዓይኔ ለካሁት። ቀጥ ያለ ይመስላል። ቅዳሜ እነዚያ አባቶች አፋቸውን ይይዛሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቶሎ ልጻፈው።

ወላጆቹ ግንቡን ከበው ቆመዋል። ጥያቄ ስንት ብሎኬት እንደፈጀ፣ እንዴት አድርገን እንዳሰላነው ታስረዳለች። ሲያጉረመርሙ ከነበሩት አባቶች አንዱ እንኳ ፈገግ ብሏል። መዳፏን ግንቡ ላይ አሳረፈች... መዳፏን ብቻ! ከላይ ያሉት ሁለት መደዳዎች በእግሯ ላይ ወረዱ።

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

እናቷ አቅፋት ሮጠች። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ቱንቢ በበሩ የገቡት፤ ከመኪና ወርደው በቀጥታ፣ ቦርሳቸውን እንደያዙ። ግንቡን አዩ። በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ማነው ይኼን ያስገነባው?" አለ ያ አባት።

ልጆቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ብሎኬት ማንሳት ጀመርኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ቱንቢ፤ "ወደ ወንድሜ ከመሄዴ በፊት።"

እኔ ዝም ስል ልጆቹም ዝም አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሁለት የእግር ጣት ተሰብሯል። ጄሶ አድርገውላታል። ከዚህ ሊብስ ይችል ነበር ይላሉ ሰዎች። ይኼ ያጽናናል እንዴ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

የወላጅ ኮሚቴው ወሰነ፤ ጋሽ ቱንቢ ሁለተኛ ግቢያችንን እንዳይረግጡ። ዓርብ ግን ይቀጥላል። ዓርቤ ተረፈ!

ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ለአካፋ እጀታ ሲያስገቡ አገኘኋቸው።

"ምነው ጋሼ፣ ለምን?"

"አንቺን ቢያባርሩሽ ልጆቹ መምህር ያጣሉ። እኔ እንደሆንኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ጡረተኛ ከምን ይባረራል?" ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ... ያፈሰሰ ግን መልቀም አለበት።"

ሚስታቸው ስትሸኘኝ በሩ ላይ ነገረችኝ። የግቢውን አጥር ሊያሠራ የተዋዋላቸው ጎረቤት ትቷቸዋል። "ልጅ ላይ ግንብ የጣለ ሰው አላሠራም" አለ አሉ። አርባ ዓመት ገንብተው አንድም አልወደቀባቸውም።

እውነቱን ልጻፍ፤ የሚያየው የለም። ወደ ቤት ስመለስ ቀሎኝ ነበር። አዘንኩ፣ አፈርኩ፣ ግን ቀሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጥያቄን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ አቀፈችኝ። የሰው ልብስ ከወንበሩ አንስታ አስቀመጠችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር፣ እህቴ" አለችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሻይ ልታመጣ ወጣች። ልጅቷ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"ቲቸር፣ እኔም አልተናገርኩም። እማዬ ስትጠይቀኝ ጋሽ ቱንቢ ናቸው ያስገነቡን አልኳት።"

"ለምን?"

"እርስዎ ዝም ስላሉ ነዋ። መባል ያለበት እንደዚያ መስሎኝ። ሌሎቹም እንዲሁ እንዲሉ ነግሬያቸዋለሁ።"

እንድኮራባት ፈልጋ ታየኛለች። ጥሩ መልስ እንደመለሰች ተማሪ።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። በእጅ የተማሩት አይረሳም እያልኩ ስንት ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ! ከእኔ የተማሩት ይኼንን ነው። አሥራ አንድ ልጅ፣ በአንዲት ዝምታ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ለእህቴ ነገርኳት። "ከተናገርሽ ሥራሽን ልታጪ ነው" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "እንቅልፍሽንማ አጥተሻል።"

ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ተናገርኩ። ቆሜ። በአንድ ቀን አምስት መደዳ እንዳስገነባሁ፣ ልጅቷ እንዳስጠነቀቀችኝ፣ ሰውየው ከተማ ውስጥ እንዳልነበሩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"ለመታየት ብለሽ ልጆቻችንን..." አለ ያ አባት። አልጨረሰውም። ልክ ነው።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ላይ ተነሳች። "ቤቴ መጥተው ሲቀመጡ ያውቁ ነበር?" አለችኝ። እስከ ዛሬ አንቺ ስትለኝ የነበረች ሴት ናት።

"አውቅ ነበር።"

ወጣች።

ዓርብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእኔ ተወሰደ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈልኝ። ጋሽ ቱንቢ እንዲመለሱ ኮሚቴው ሽማግሌ ሊልክባቸው ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ ሄድኩ። ውለታቸውን አፈረስኩባቸው ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ተናገርኩ።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠብቅሽ ነበር" አሉ። "ድንጋጤሽ እስኪለቅሽ ድረስ ልያዝልሽ ብዬ እንጂ፣ ለዘለዓለም ልሸከምልሽ መች አልኩ?"

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ዓርብ ዓርብ ሁለት ወላጆች ከጋሽ ቱንቢ ጋር ይቆማሉ፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። ጎረቤትየውም ተመልሶ አሠርቷቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን በጭንቅላቷ ብቻ ትመልሳለች። ይገባኛል።

ዛሬ የሒሳብ የቤት ሥራ ሰበሰብኩ። ጥያቄ ደብተሯን ሳትከፍት መጣች፤ ትንሽ ታነክሳለች።

"አልሠራሁም፣ ቲቸር።"

"ለምን?"

"ስጫወት ዋልኩ።"

ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ጠበቅኋት። እግሬን አመመኝ ልትል ትችል ነበር፤ አምናት ነበር። ምንም አልጨመረችም።

ዜሮ ሰጠኋት። እንደዚያ ደስ እያለኝ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም።