ጅቡ የገባበት ጆንያ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ሚልክያስ፤

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደኅና ነህ ወይ? ወገብህስ ተሻለህ? ያ የጀርመን ብርድ አልጠናብህም? እኔና እማዬ፣ የጓሮው እንሰት ሳይቀር፣ ጌታ ይመስገን ደኅና ነን። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ስለዚያ ስለ ደገፉ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ፣ ልንገርህ። የእንግሊዞች አነጋገርና የጀርመን ገጠሮች ቀበልኛ እንዴት እንደሚዛመዱ አንተ እየጻፍክልኝ ያሰናዳሁትን ጽሑፍ ታስታውሳለህ። እንግሊዞች መልካም ዕድል ሲመኙ ጣታቸውን ያጣምራሉ፤ አንተ ያለህበት አገር ሰዎች ደግሞ አውራ ጣታቸውን ይጨብጣሉ ያልከኝን ሁሉ አምኜ አጫወትኩት። ቦዲቲ ከተማ ለተሰበሰቡ መምህራን ላቀርበው ስል ቀድሞኝ የራሱ አድርጎ አቀረበው። ለኔ የታሰበውን የአዲስ አበባ የክረምት ሥልጠናም በዚያው ወሰደብኝ። ክረምቱን ሙሉ አንጀቴ ሲያር ከረመ።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ያለ እፍረት መጥቶ ሌላ ምን እንደጻፍክልኝ ጠየቀኝ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩለት። እንግሊዞች ሳያይ የሚገዛን ሰው አሳማ በከረጢት ገዛ እንደሚሉት ነገርኩት፤ ይህ እውነት ነው። አከራይህ አሮጊት በቀበልኛቸው ድመት በጆንያ እንደሚሉ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ድመቷን አውጥቼ ጅብ አስገባሁለት። ጆንያውን ሳይፈታ ተቀበለኝ።

በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ እጁን እያወናጨፈ ጅቡን አቀረበ። ለካ ከፊት የተቀመጡት የዕለቱ እንግዳ ከዚያው አንተ ካለህበት ከሰሜን ጀርመን የመጡ ሴት ነበሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በአገራቸው ጅብ እንደሌለ፣ አያታቸውም ድመት ይሉ እንደነበር ተናገሩ። ደገፉ በላብ ተጠመቀ። እኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም፣ በጣም ደስ አለኝ።

በኛ በወላይታዎች ቂም ይዞ የዘመን መለወጫን፣ ጊፋታን፣ መብላት ነውር አይደል? በዓሉ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ አቶ ቶማ ከደገፉ ጋር ሊያስታርቁኝ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እማዬም ለመነችኝ። እኔ በመምህራኑ ፊት እውነቱን ካልተናገረ አብሬው ከበዓሉ ሥጋ አልቀምስም አልኩ። በማግስቱ ደገፉ በመምህራኑ መካከል ተነሥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «የቦዲቲው ሥራ የብሩክታይት ነው» አለ። ሥልጠናው እንደሆነ አይመለስም። ያም ሆኖ ተሳሳምን፤ አብረን በላን። ሽማግሌዎቹ በሆድሽ የቀረ ነገር አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ።

ተማሪዎቹ ግን ዛሬም ደገፉ በበረንዳው ሲያልፍ እንደ ጅብ ይጮኻሉ። እኔ የማስተምረው ከሱ ክፍል አጠገብ ነው። ዝም በሉ ብያቸው አላውቅም።

ለባለቤትህ ለሰብለ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የልጃችሁን የባሮክን ጉንጭ ሳምልኝ። ለአከራይህም እጅ ንሣልኝና ድመታቸው በደኅና መመለሷን ንገራቸው።

እህትህ ብሩክታይት
ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 24 ቀን 1998 ዓ.ም.