ከመጋረጃው ጀርባ

እህት ዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው? የትንሹስ ሳል ተሻለው? እኛ አለን፤ መኖር ካሉት።

ያ የላክሽለት የሚናገር የመድኃኒት ሣጥን ለአባዬ የልብ ወዳጅ ሆኖት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ክዳኑን ከፍቶ በሴት ድምፅ «እባክዎ፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ሲለው፣ «እሺ እመቤቴ» ብሎ ይውጣል። እኔ ስሰጠው ግን «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ? ልትመርዢኝ ነው?» ይለኛል። ሰው በሣጥን ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ባለፈው ወር ሣጥኑ ድንገት ዝም አለ። አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ፈታትቶ አየውና፣ «ውስጡ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር እርጥበት ገብቶባታል፤ አትድንም» አለኝ። ለካ አባዬ ሾርባ አጠጥቷት ኖሯል! «ስትለፈልፍ እየዋለች ጉሮሮዋ ደርቆ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን አልቆየም።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒት በአፌ አይዞርም አለ። እግሩ አበጠ። ቢጨንቀኝ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ «እባክዎ፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ» አልኩ። «ተሻለሽ እንዴ? እግዜር ይማርሽ» ብሎ ዋጠው። አሁን ምግቡንም የሚበላው፣ ገላውንም የሚታጠበው በዚያው ድምፅ ሳዝዘው ነው።

ትናንት ግን ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለሁ ያጫውተኝ ጀመር። «ይቺ እዚህ ቤት ጉድ ጉድ የምትለው ሴት ደግ ናት» አለኝ። «ግን ለምን ወደ ቤቷ አትሄድም? የሚጠብቃት ሰው የላትም?» ሊያገባኝ ይጠብቀኝ የነበረውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ፤ መጠበቁን ከተወ ቆየ።

ትንሽ ቆይቶ፣ «ትንሿ ልጄስ በስልክ ድምፅዋን ታሰማኛለች። ትልቋን ምን በድያት ይሆን? አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብላ አላየችኝም» አለ።

መጋረጃውን ልገልጥ እጄን ዘርግቼ ነበር። ብወጣ ግን ነገ መድኃኒቱን ማን ያስውጠዋል? «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት። አትቀየሚኝ፤ ሁልጊዜ ስትደውዪ የምትዪው ነው አፌ ላይ የመጣልኝ።

«ይሁን» አለ። «ካገኘሻት፣ አባትሽ አልተቀየመም በያት።»

እነግራታለሁ አልኩት።

አዲስ ሣጥን እልካለሁ ያልሽውን እባክሽ ተዪው። አባዬ እኔን የሚያዋራኝ እንዲህ ስሆን ብቻ ነው።

ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ክፉ አይንካሽ።

ትልቋ