በቀዩ ፈንታ አረንጓዴ

ሐሙስ፣ በወሩ አሥራ አራተኛ ቀን፣ ጠዋት

ለልጄ፣ ለቡሎኔ፣

ሰላምታውን ቆይቼ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር እሺ በይኝ። የፒክአፑን ቁልፍ ከኪስሽ አውጪና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሞተር አታስነሺ። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያችሁ ከመጣች ደብዳቤውን ባመጣልሽ ሾፌር መኪና ውሰጃት፤ ለምኜው እሺ ብሎኛል።

አምስት ቀን ሙሉ ስልክሽን ስሞክር ነበር። ያቺ "ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴትዮና እኔ ደመኛ ሆነናል። እናትሽ "ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፣ ልጅቷ ምንም አልሆነች" ትለኛለች። ምን ታድርግ፣ አልነገርኳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ለሰርቪስ ስትመጪ ራዲያተሩ ጎደል ብሎ አግኝቼው የሞተር ማቀዝቀዣውን ኩላንት ጨመርኩልሽ። አንቺ ከእናትሽ ጋር ወሬ ይዘሽ ነበር። ያንቺ መኪና የሚጠጣው ቀዩን ነው። እኔ የሞላሁልሽ ግን አረንጓዴውን ነው።

ጀሪካኖቼን ታውቂያቸዋለሽ። ከበርሜል እየቀዳሁ ሁለት አንድ ዓይነት ነጭ ጀሪካን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ጎን ለጎን። እናትሽ "ጻፍባቸው" እያለች ስንት ዓመት ጨቀጨቀችኝ። "ቀይና አረንጓዴ ለመለየት ደግሞ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል" እያልኩ እስቅባት ነበር። ቅዳሜ ለሌላ መኪና ልሞላ አንዱን ሳነሳ ጎረቤቴ ኤሌክትሪሻኑ፣ ያ ቀልደኛው፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አረንጓዴው ነው" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ "ሂድ ወደ ሥራህ" አልኩት። ፀሐይ ላይ አውጥቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው። የጎደለውም ያው ነው፤ የቀዩ ጀሪካን እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ጋራዡ ጨለም ይላል፣ መስኮቱንም የተከመረው ጎማ ከልሎታል። ከዚያ ይሆናል።

ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ቀላቅዬ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። በማግስቱ እንደተበላሸ ወተት ረግቶ ጠበቀኝ። ብዘቀዝቀው አልወርድ አለ። ይህ ነገር የራዲያተርሽን ቀጫጭን መተላለፊያ ከደፈነ ሞተሩ ይግላል፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይጣመማል፣ መኪናው ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ከኋላ ሴት አስተኝተሽ። ከዚህ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልፈልግም፤ ማሰቡን ግን አስቤዋለሁ፣ ሌላ ሐሳብም አልነበረኝ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለሾፌሩም በቃል ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን መልእክት ሲያደርስ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የሚያራግፈው። ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ ጠብቂ። የራዲያተር ክዳን በጋለበት የከፈተ ሰው ፊቱ ይላጣል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ፣ ዛሬም እነግርሻለሁ። ከሥር ያለውን መፍሰሻ ከፍተሽ አሮጌውን በባልዲ ተቀበዪው። መሬት ላይ እንዳታፈሺው፤ ይጣፍጣልና ውሻ ልሶት ይሞታል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሙዪበት፣ ሞተሩን አስነስተሽ እስኪሞቅ ቆዪ፣ አጥፊው፣ ሲበርድ አፍስሺው። ውሃው ኩልል ብሎ እስኪወጣ ደጋግሚው፤ አራቴም ቢሆን አትሰልቺ።

የላክሁልሽ ጀሪካን ቀዩ ነው። ከተጣራ የባትሪ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬዋለሁ፤ ውሃውን ነው እንጂ አሲዱን አይደለም፣ አትደንግጪ። ኤሌክትሪሻኑ አይቶ አረጋግጦልኝ ዓይነቱን በራሱ እጅ ጽፎበታል። አንቺም እዪው። በቀለሙ ብቻ ግን አትተማመኚ፤ ቀለም ፋብሪካው እንደወደደ የሚነክረው ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ከጀሪካኑ ጽሑፍ ጋር አስተያዪው። ክዳኑ ሥር ጭቃ የመሰለ ነገር ካገኘሽ ደግሞ ሌላ መካኒክ ጥሪ። ራሴ ብመጣ በወደድኩ፤ ሰሞኑን መንዳት ትቻለሁ።

"አባቴ የነካው መኪና መንገድ ላይ አይቆምም" እያልሽ ለባልደረቦችሽ ስትፎክሪ ሰምቼሻለሁ። እሱን ሳስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። አርባ ዓመት የሰው መኪና ሠርቼ የገዛ ልጄን እንዲህ ላድርግ? ይቅር በይኝ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

እናትሽ ደህና ናት። ጋዜጣ ማንበብ ለምን ተውክ እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ወሬው ያው ነው እላታለሁ። ጋራዡንም ከቅዳሜ ጀምሮ ዘግቼዋለሁ። ወገቤን ነው አልኳት። መስመሩን እየሳትኩ ከጻፍኩብሽ ታገሺኝ፣ ቸኩዬ ነው።

መንገድሽ ይቅና። እጅሽ ላይ የሚወለዱት ሁሉ እያለቀሱ ይምጡ፣ እናቶቻቸውም በእግራቸው ቤታቸው ይግቡ። አንቺንም ክፉ አያግኝሽ።

አባትሽ

መልስሽን በዚሁ ሾፌር ላኪልኝ። "መኪናው ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ" ካልሽ ይበቃኛል። በጥቁር እስክሪብቶ ጻፊው፣ ፊደሉንም ትልቅ ትልቅ አድርጊው። እናትሽን አንብቢልኝ ማለት አልፈልግም።