ክዳኑ ቤት የቀረ ጠርሙስ፦ የወይዘሮ ሥርጉት ሰቦቃ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሥርጉት ሰቦቃ ከአባታቸው ከአቶ ሰቦቃ ጂራታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሐረግ አበጋዝ በታኅሣሥ ወር 1946 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ሃዲዱ ማዶ በነበረች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ቀኑን ለይቶ የሚናገር ሰው አልተገኘም። እናታቸው ሲጠየቁ «ባቡሩ ያረፈደ ዕለት ነው» ይሉ ነበር። ባቡሩ ያላረፈደበት ዕለት ስላልነበረ፣ ወይዘሮ ሥርጉት «እኔ ልደቴን ወሩን ሙሉ ነው የማከብረው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባታቸው ከአካባቢው ነባር ገበሬዎች የተወለዱ፣ በኋላም ወደ ሃዲድ ጥገና ሥራ የገቡ ሰው ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የመቀጠል ሐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን አባታቸው ወገባቸውን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ መጻሕፍታቸውን ለታናሽ እህታቸው አስረክበው በ1962 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ክር ድውር ላይ፣ ቀጥሎም በሠራተኞች ምግብ ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆነው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል።

በጥር ወር 1968 ዓ.ም. ከብረታ ብረት ሠራተኛው ከአቶ ወልደሚካኤል ቀናው ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ሥርጉት የቀን ፈረቃ፣ አቶ ወልደሚካኤል የሌሊት ፈረቃ ስለነበሩ፣ ለብዙ ዓመታት ባልና ሚስቱ የሚተያዩት በር ላይ ነበር፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ። በተጋቡ በዓመቱ የባቡር ጣቢያው ቡፌ አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ አቶ ወልደሚካኤል አንድ አፈ ሰፊ፣ ክዳኑም ራሱ መስታወት የሆነ ትልቅ ጠርሙስ ገዝተው መጡ። ቤቱ ድስት እንኳ አልተሟላለትም ነበርና በአማቾች ዘንድ ብዙ አስወራ። ጠርሙሱ ግን ቤቱን ያዘው። ወደ ሥራ የሚወጣው ሰው የተቆላ ሽምብራ ሞልቶ ለሚገባው ያስቀምጥ ነበር። የተኳረፉ ዕለት ጠርሙሱ ባዶውን ይውላል። ሲታረቁ ማንም ይቅርታ አይልም፤ ሽምብራው ተመልሶ ይገኛል። አቶ ወልደሚካኤል በሰው ፊት «ቄሱ አጋቡን እንጂ ያኖረንስ ሽምብራው ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ቤት እየሩሳሌምና ፍቅሩ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ባልና ሚስቱ ጡረታ ወጥተው ፈረቃ የሚባል ነገር ከቀረ በኋላ እንኳ ልማዱን አልተዉትም።

አቶ ወልደሚካኤል በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ሥርጉትን እስከ መጨረሻ ያደከማቸው ነገር የተጀመረው በዚያ ለቅሶ ላይ ነው። ለቀስተኛው ብዙ ስለነበር ከጓዳ ዕቃ ያወጡ ሰዎች ጠርሙሱን ሽምብራው እንዳለበት አንሥተው ወደ ድንኳን አወጡት። ክዳኑ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ያ ሽምብራ አቶ ወልደሚካኤል ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በገዛ እጃቸው የሞሉት የመጨረሻው ነበር።

እድራችን ዕቃው ከቤት ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ከየድስቱና ከየሳህኑ ሥር ቀይ የዘይት ቀለም እንደሚቀባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድንኳኑ ሲነሣ የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ወይዘሮ ጠጄ ሽምብራው ተዝግኖ ያለቀ፣ ምልክት የሌለው ጠርሙስ አገኙ። ቀለሙ በእጥበት ብዛት የለቀቀ መሰላቸውና፣ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ፣ አዲስ ቀብተው ከሌላው ዕቃ ጋር ወሰዱት። ወይዘሮ ሥርጉት እስከ አርባው ድረስ ከፍራሽ አልተነሡም ነበር። ተነሥተው ጓዳ ሲገቡ ያገኙት ክዳኑን ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእድሩ ዕቃ ቤት ቦታ ለመንገድ በመፈለጉ አሮጌው ዕቃ ከነጠርሙሱ በሐራጅ ተሸጧል። የገዛው ሰውም በየግንባታ ካምፑ ላሉ ምግብ ቤቶች በትኖታል።

ወይዘሮ ጠጄ ነገሩን ሲሰሙ እየሮጡ መጥተው «እትዬ ሥርጉት፣ እጄን በቆረጠው!» ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ።

«ተነሺ እባክሽ፤ አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው» አሏቸው ወይዘሮ ሥርጉት። «ነገ ሳሪስ አቦ ሐራጅ አለ አሉ። የሚመች ጫማ አድርገሽ ነይ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ያልደረሱበት ሐራጅ የለም ማለት ይቻላል። ፋብሪካ አሮጌ ዕቃ አወጣ ሲባል፣ ሆቴል ተዘጋ ሲባል፣ ካምፕ ፈረሰ ሲባል፣ በሚኒባስ ተጋፍተው፣ አቧራ ላይ ቆመው፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ በልቷቸው ይመለሱ ነበር። ወይዘሮ ሥርጉት ክዳኑን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው በቦርሳቸው ይይዛሉ። የየግቢው ጥበቃዎች «ባለክዳኗ መጡ» እያሉ በር ይከፍቱላቸው ነበር።

የዕቃ ግምጃ ቤት ኑሮ ዓይናቸውን አሠልጥኖት ነበርና የመስታወት ዕቃ ሲያነሡ አያያዛቸው የተለየ ነበር። የጠርሙሱን ስፌት፣ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከሥሩ ጀምረው ወደ ላይ ይከተሉታል። ስፌቱ አፉ ድረስ ከወጣ በማሽን ያለቀ የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው፤ አንገቱ ላይ ከጠፋ ግን አፉን ሰው በእጁ የጨረሰው የድሮ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ወደ ብርሃን ያነሡትና በመስታወቱ ውስጥ ታስሮ የቀረ አረፋ ይፈልጋሉ። በእሳቸው ጠርሙስ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል አንዲት አረፋ ነበረች። የቆርቆሮ ሳህን ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ የተላጠበትን ያያሉ። ዝገት ቀስ ብሎ ጠርዙን የበላው አሮጌ ነው፤ አዲስ ብረት የሚያብረቀርቅበት አሮጌ እንዲመስል በምስማር የተፋቀ ነው።

ይህ ዓይናቸው አሮጌ ዕቃ ነጋዴውን ሙህዲንን ብዙ አስቸግሯል። «እትዬ ሥርጉት፣ ዛሬን እንኳ ዝም ይበሉልኝ፤ የልጆች አባት ነኝ» ይል ነበር።

«አንተ ሙህዲን፣ ይሄን ጠርሙስ ጭቃ ከመቀባትህ በፊት የሱቁን ወረቀት ብትልጥለት ምን ነበረበት?»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሙህዲንም ይስቅ ነበር። ጠርሙሳቸውን እሱም በየሄደበት መፈለግ ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሳሪስ አቦ አካባቢ ከሥሩ ቀይ ቀለም ያለበት፣ ስፌቱም አንገቱ ላይ የጠፋ ጠርሙስ ተገኘ። ወይዘሮ ጠጄ እልል አሉ። ወይዘሮ ሥርጉትም በደስታ ብዛት አረፋውን ማየት ረስተው ገዝተው ወጡ። ሚኒባስ ውስጥ ክዳኑን ሲያደርጉለት ተንገዳገደ። የዚያ ዘመን ክዳን ከገዛ አፉ ጋር ተፋጭቶ የተገጠመ ስለሆነ ሌላ አፍ አይቀበልም። ቀይ ቀለም የሚቀባ ሌላም እድር እንዳለ ማናቸውም አላሰቡም ነበር። አቃቂ ደረሱ። ሲወርዱ ወይዘሮ ሥርጉት «ጠጄ፣ ደከመኝ» አሉ። «ለጠርሙስ እንዲህ ይሆናል ወይ ይሉኛል፤ አልፈርድባቸውም። ክዳኑን ልጥለው አልቻልኩ፣ በሌላ ልገጥመው አልቻልኩ። ታዲያ በምን ልረፍ?»

በ2016 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸው። እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ መጣ። ልጃቸው እየሩሳሌም ቦርሳውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ብትሰቅለው ወንበር ላይ ወጥተው ያወርዱት ነበር። «እማዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?» ስትላቸው፣ «ጨው ተዪ አለኝ። ሐራጅ ተዪ አላለኝም» ብለው ይመልሱ ነበር።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ሙህዲን ከቂሊንጦ ደወለ። «እትዬ ሥርጉት፣ ክዳንዎን ይዘው ይምጡ» ብቻ ነው ያለው። ሥራውን የጨረሰ የግንባታ ካምፕ የምግብ ቤቱን ዕቃ በመደብ በመደብ እየሸጠ ነበር። ጠርሙሱ ጥላሸት ከጠጡ ድስቶች መሐል፣ ምስማር ተሞልቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ ሥርጉት በእየሩሳሌምና በወይዘሮ ጠጄ ተደግፈው ደረሱ። ምስማሩን አስወጡ። በጥፍራቸው ስፌቱን ተከተሉ፤ አንገቱ ላይ ጠፋ። ወደ ብርሃን አነሡት፤ አረፋዋ ሥሩ ላይ አለች። ክዳኑን ከነጠላው ፈተው አደረጉበት፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሐራጁ ሲጀመር ሙህዲን ጠርሙሱ ላለበት መደብ ዋጋ ሰጠ። ዋጋ የሚጠራው ሰው «የሚጨምር? የሚጨምር አለ?» ቢል በየሳምንቱ በነገር የሚዋጉ ነጋዴዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ባለክዳኗን የማያውቅ አልነበረም። ሙህዲን ጠርሙሱን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ይውሰዱ እትዬ፤ ከእንግዲህ ገበያዬን አይረብሹም» አለ። «ጭቃህን ብቻ ቀንስ» አሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «በይ ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሉ።

እየሩሳሌም ቀዩን ቀለም ልታስለቅቅ ስትል ከለከሏት። «ተዪው፤ ጠጄ ለፍታበታለች» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሽምብራ ይሞሉ ነበር። ጧት ሲያዩት እንደተሞላ ነው፤ በሌላው ፈረቃ የሚገባ ሰው የለም። ወይዘሮ ጠጄ ይህን አይተው ከኪዳን መልስ ጎራ እያሉ አንድ እፍኝ መዝገን ጀመሩ። ጥርሳቸው ሽምብራ እንደማይችል ወይዘሮ ሥርጉት ያውቃሉ። አንድም ቀን አላነሡባቸውም።

ወይዘሮ ሥርጉት ሕመማቸው ጠንቶ በሆስፒታልም በቤትም ሲረዱ ቆይተው በየካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸውም ከሐዘንተኞቹ መካከል ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩአቸው ጎረቤቶች፣ ለእድራችን አባላት፣ ለአቶ ሙህዲንና ለሐራጅ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ጠርሙሱ ዛሬም ድንኳን ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ወይዘሮ ሥርጉት ራሳቸው የሞሉት ሽምብራ ስላለበት ሁላችሁም ዝገኑላቸው። በዚህኛው ጊዜ ክዳኑም አብሮት ወጥቷል። ድንኳኑ ሲነሣ ወይዘሮ ጠጄና የእድሩ እናቶች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን፤ ከሥሩ ቀይ ቀለም ቢኖርም እሱን ጠርሙስ ተዉልን፤ የቤቱ ነው።

ብዙ አቧራ የረገጡ እግሮቻቸውን እግዚአብሔር ያሳርፍልን። እሳቸውንና አቶ ወልደሚካኤልን ከእንግዲህ በአንድ ፈረቃ ያድርግልን። አሜን።