ባሌ ለጎረቤቴ ያስተማረው ሙያ

ለታላቅ እህቴ ለዤርሜን፣

እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበት ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ኖርማንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ሶላንዥና መንትዮቿ እንዴት ናቸው? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ። ሐኪሙ የደም ግፊትሽም ስኳርሽም ልክ ነው ብሎኛል። ከናፍቆትሽና ከአንድ ሌላ ነገር በቀር የሚያስጨንቀኝ የለም። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለ ሌላው ነገር ነው፤ በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፍሬ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ የኖርማን ማንኮራፋት እንቅልፍ እንደነሳሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሳሁ። በማንኮራፋቱ እንኳ ቀናሁብሽ። ባሌ ሬዣን ከሞተ እነሆ ዘጠኝ ወሩ፤ ከዚያ ወዲህ የማልቀናበት ነገር የለም። ሱቅ ውስጥ ከባሏ ጋር በቲማቲም ዋጋ የምትነታረክ ሴት ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። የሊዜት ነገር የተጨመረው እንግዲህ በዚህ ሆድ ላይ ነው።

ሊዜትን ታስታውሻታለሽ፤ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው፣ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳችው፣ ባል ያላገባችው። በገና ሰሞን የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ሲጥል የሬዣንን የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ከጋራዡ ገፍቼ አወጣሁና የማስነሻ ገመዱን ሳብኩት። መነሳቱንስ ተነሳ፤ ድምፁ ግን አስም እንዳለበት ሰው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ከፍ ይላል። ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ ግማሽ ካልያዝኩለት ይጠፋል፤ በረዶው ውስጥ ሳስገባው ደግሞ አንዴ ያስልና ቀጥ ይላል። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር ያንን ማሽን ነክቼው አላውቅም። ልጠጋ ስል ሬዣን «ግቢ፣ ይበርድሻል» ይለኝ ነበር። እኔም እገባ ነበር።

ሊዜት ድምፁን ከቤቷ ሰምታ መጣች። ኮፍያዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ትንሽ አዳመጠችና ቤንዚን እየተራበ ነው አለችኝ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታ አሳየችኝ፤ ጫፉ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። ጥቁርና እርጥብ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፣ ነጭ ከሆነ ግን አንሶታል አለች። የቤንዚን መያዣው ሳልባትዮ አየር አጥቶ እንደሆነ ብላ ክዳኑን አላልታ ሞከረችው፤ ለውጥ የለም። ያለፈው በረዶ ሲያልቅ ቤንዚኑን ማን ገለበጠው ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። በየዓመቱ የሚያደርቀው ሬዣን ነበር፤ አምና በረዶው ሲያልቅ እሱ አፈር ውስጥ ነበር። ቤንዚኑ በጋውን ሁሉ እዚያው ተቀምጦ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ እንደ ሙጫ ረግቷል።

ይህን ስትል አልከፋኝም። የከፋኝ ቀጥሎ ያደረገችው ነው። ሳትጠይቀኝ ሦስተኛውን መሳቢያ ከፍታ ልኩን ቁልፍ አወጣች። ከዚያ እጇን ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ ሰደደችና አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች፤ ውስጧ ፀጉር የሚያህሉ የመዳብ ሽቦዎች አሉ። እኔ በገዛ ቤቴ ያቺን ቆርቆሮ አይቻት አላውቅም።

«ሬዣን ካንዴላውን ሳታዪ ካርቡሬተሩን እንዳትነኪ ይለኝ ነበር» አለችኝ፤ በሽቦው የቤንዚኑን ቀዳዳ እየጠረገች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የራሷን ማሽን እየገፋች ወደኛ ጋራዥ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። እሱ የሚጠግንላት፣ እሷ ቆማ የምታይ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እሱ ቆሞ እሷ ነበረች የምትፈታው። አሥራ ሁለት ዓመት። ማሽኑ ሲስተካከል ከአንገት በላይ አመሰገንኳት። የአተር ሾርባዬ ምድጃ ላይ ነበር፣ ሽታው ጋራዡ ድረስ ይመጣል። ሊዜት እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች፣ መቼም እንዲህ ረጅም ጊዜ እጅ አይጠረግም። ግቢ አላልኳትም። ሄደች።

ሁለት ሳምንት በደህና ሠራልኝና ያው በሽታው ተመለሰ። ብሞት ሊዜትን አልጠራም አልኩ። እሷ የተማረችውን እኔ ምን አነሰኝና? ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ቀዳዳውን በሽቦ ጠረግሁ፣ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት። ግን የታችኛውን ጎድጓዳ የሚያሽገውን ጎማ በቢላ ፈልቅቄ ሳወጣ በጠስኩት። መልሼ ብገጥመው ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል። ያን ቀን ከሰዓት ንፋሱ ተነሳ፤ በረዶው ሁለት ቀን ሙሉ ጣለ። የማሞቂያው ነዳጅ ወደ ማለቁ ነበር፤ ስደውል የነዳጅ ቦቴው ሾፌር መግቢያሽ ካልተጠረገ አልገባም አለኝ። በአካፋ ሞከርኩ፤ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ወገቤ ተያዘ።

ስለዚህ ሄድኩ። ሠላሳ እርምጃ የማትሞላው መንገድ በረዶው ጭኔ ድረስ እየደረሰ ሩብ ሰዓት ፈጀችብኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ስለ ጎማው ልነግራት ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን አንቺን አስተማረ? ለምን እኔን አላስተማረኝም?»

ሊዜት አልደነገጠችም። «ስለጠየቅኩት ነዋ። አንቺ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ጠይቄው አላውቅም፣ ዤርሜን።

ወንበር ሰጠችኝና በረዶውን ከቦት ጫማዬ እያራገፈች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ፤ «አምስት ሰዓት ሲሆን ለምሳ መስኮቱን በማንኪያ ታንኳኪለት ነበር። የያዘውን ብሎን ይጥልና፣ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ እጁን ጠርጎ ይገባል። እኔ የተፈታ ሞተር ታቅፌ እቀራለሁ። ያቺን ማንኪያ ስንት ጊዜ በሰበርኳት እንዳልኩ አትጠይቂኝ።»

ተነስታ ከዕቃዋ መሃል ጎማ ፈልጋ አገኘችና ተያይዘን ወደኛ ጋራዥ ሄድን። እዚያ ስንደርስ እጇን ኪሷ ከተተች። ፍቺው አለችኝ። ፈታሁት። ከትልቁ ቀዳዳ ጎን ሌላ፣ መርፌ የማያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ሞተሩ ሳይጫን በቀስታ ሲዞር፣ ሚኒሞ በሚሉት፣ ቤንዚን የሚጠጣው በሷ ነው። ተደፍናለች።

«በመጀመሪያው ቀን እኔም ዘልዬያታለሁ» አለች። «ዓይንሽ ሲበላኝ ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብዬ።»

ሽቦውን ሦስት ጊዜ አጣመምኩት፣ በአራተኛው አለፈ። ጎማውን ገጠምን፣ አዲስ ቤንዚን ሞላን። በሁለተኛው ስቤ ተነሳ፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም ሳይል እንደ ጸሎት ወጥ ሆኖ ቀረ። መግቢያዬን እስከ መንገዱ ጠረግሁ፣ ከዚያም አልፌ እስከ ሊዜት በር ድረስ ጠረግሁላት። ደግነት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ እንደምችል እንድታይልኝም ነው። ቦቴው በማግስቱ ገባ።

ያን ቀን ሾርባ አብረን በላን። ስለ ሬዣን አንድ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ አብዛኛውን አውቀዋለሁ። አንዱን ግን አላውቅም ነበር። ሞተር ሲፈታ ያንጎራጉር ነበር አለችኝ። እቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር እኔ ሰምቼው አላውቅም፤ አንቺስ? ትወጂው ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም። ዜማውን አሰሚኝ አልኳት። ድምፅ የላትም፣ ታውቂያታለሽ፤ እንደምንም አንጎራጎረችው። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ቅናቴ በሌላው ሁሉ በርዷል፤ በዚህ በዜማው ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ኖርማንን ሳሚልኝ፤ ሲያንኮራፋ አትቀስቅሺው። ሶላንዥ ሥራ እንዳይበዛባት ንገሪያት። መንትዮቹን በየጉንጫቸው፣ አሮጊቷን ውሻሽንም በግንባሯ ሳሚልኝ። ሊዜትም ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራት ነው እንጂ ስለ ምን እንደምጽፍ አላወቀችም።

እህትሽ ማሪዬል
ላንስ ሴን ዣን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2014